ስማቸው አንድ፣ መስመራቸው ለየቅል

በዚያ ክረምት ጉርድ ሾላ ካለው ቢሯችን ሆነን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። እንጦጦ ላይ የተተከሉት የዝናብ መለኪያዎች ውኃው ሲበዛ ያሳውቃሉ፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ ወንዝ ዳር ለሚኖሩት ሰዎች በስልካቸው መልእክት ይልካል። እናቴም ከነዋሪዎቹ አንዷ ናት። ቤቷ ከየካ ሚካኤል ዝቅ ብሎ ወንዙ አፋፍ ላይ ነው፤ ልቀቂ ብላት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች።

ሶፍትዌሩ ሊመረቅ ሲል አለቃችን የመጀመሪያውን ንድፍና ኋላ የተሻሻለውን እንዳወዳድርና አንድ መሆናቸውን ፈርሜ እንዳረጋግጥ አዘዙኝ። ንድፍ ስል ሳጥኖችና ሳጥኖቹን የሚያገናኙ መስመሮች ማለቴ ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ የሳጥኖቹን ስም በኮምፒውተር አመሳከረና «ሴም ነው፣ አንድ ናቸው፤ ፈርሚና እንሂድ» አለኝ። እኔ ነገረኛ ነኝ፤ ስም ብቻ አይቼ አልፈርምም። እያንዳንዱ ሳጥን ከማን ተቀብሎ ለማን እንደሚሰጥ መስመር መስመሩን እየያዝኩ ማየት ጀመርኩ። በድሮው ንድፍ ማስጠንቀቂያው በቀጥታ ወደ ሰዉ ስልክ ይሄዳል፤ ኃላፊው እንዲያውቁት ብቻ ይደርሳቸዋል። በአዲሱ ግን መጀመሪያ ኃላፊው ጋ ይቆምና እሳቸው ሲፈቅዱ ያልፋል። ኃላፊው ደግሞ አለቃችን ራሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስልክዎን ባያነሱስ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ያለ ፈቃድ የሚወጣ ወሬ ሰው ያሸብራል። ኃላፊ ሳያውቀው ምን ተሠርቶ ያውቃል?» ብለው ፈገግ አሉ።

ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። አልፈርምም አልኩ። ባልደረባዬ ፈረመና ሶፍትዌሩ ተመረቀ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ጠቆረ። መለኪያዎቹ ሲጮሁ ስክሪኔ ላይ አየሁ። አለቃዬ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ስብሰባ ሲገቡ ስልክ ማጥፋት ልማዳቸው ነው። ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አሁኑኑ ከቤት ውጪ።»

«ምነው ልጄ? መልእክቱ አልመጣም እኮ።»

«መልእክቱን ተይው፣ ተነሺ ብዬሻለሁ።»

«ጎረቤቶቼም ሰማዩን አይተው ሊወጡ ሲሉ እኔ ነኝ የመለስኳቸው» አለችኝ፣ ድምጿ ኩራት ኩራት እያለው። «የልጄ ሥራ ነው፣ ሳይነግረን አይቀርም አልኳቸው።»

ሁሉም እሷ ቤት ቁጭ ብለው ስልካቸውን እያዩ ነበር።