እባብ የማይበሳው ጫማ

ጫማ ሰፊው ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ሰፈሩ ግን ከረሳው ቆይቷል። ሁሉም የሚጠራው «ልክነው» እያለ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ጣቴን ይዞኛል» ቢለው «ልክ ነው» ይላል፤ «ተረከዜ ላይ ይሰፋኛል» ቢለውም «ልክ ነው» ይላል። ሰውየው ከተሟገተ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና መጠኑን የጻፈበትን ካርቶን አውጥቶ፣ የተሳሳተው እግሩ እንጂ ጫማው እንዳልሆነ በቁጥር ያሳየዋል። ስፌቱ ግን እንከን አይወጣለትም ነበር። ደንበኞቹ እያነከሱም ቢሆን የሚመለሱለት ለዚህ ነው።

ሱቁ አንዲት ክፍል ናት። ከፊት ለፊት ሚስቱ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ ትሸጣለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ እሱ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ወስፌና መዶሻውን ሲያነሳ ሲጥል ይውላል። ግድግዳው ላይ የእግር ቅርጽ ያለው የእንጨት ፎርማ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ተሰቅሏል፤ ላየው ሰው የከተማው ነዋሪ ግማሹ እግሩን እዚያ አደራ ሰጥቶ የሄደ ይመስላል። መጋረጃው ስስ ስለሆነ ሚስቱ የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች። ከሰማች ደግሞ ዝም የሚል አፍ አልተሰጣትም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ፊቷን ፀሐይ ያጠቆራት አንዲት ረጅም ሴት ገባች። ሥራዋ ዕፅዋት መሰብሰብ ነው፤ ቆላ እየወረደች ቅጠሉንና አበባውን ትለቅምና በጋዜጣ መሀል ተጭና፣ አድርቃ፣ ለምርምር ተቋም ታስረክባለች።

«ጋሼ፣ ለሦስት ወር ወደ ቁጥቋጦው ልወርድ ነው» አለችው። «የእባብ ጥርስ የማይበሳው ጫማ እፈልጋለሁ።»

ጫማ ሰፊው እጁ ላይ ያለው ወስፌ ቀጥ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሱ ግን እባቡን በዓይኑ ሳያይ ነው ልጡን መፍራት የጀመረው። ከከተማ ርቆ ሄዶ አያውቅም። የውኃ ጎማ መንገድ ዳር ተጠቅልሎ ካየ ወደ ማዶ ተሻግሮ ነው የሚያልፈው። ይህን ምስጢር የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ምስጢሩን ጠብቃለች፣ በሳምንት አንዴ እሱኑ ከምታበሽቅበት በቀር።

«የት የት ላይ ነው የሚነክሱት?» ሲል ጠየቀ፣ ድምፁን እንደ ባለሙያ ጎርነን አድርጎ።

«አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት በታች ነው። እግር ላይ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ፣ አንዳንዴም ባት ላይ። ብቻ ቀኑን ሙሉ ስሄድበት ስለምውል ቀለል ቢል…»

«ለኔ ተይው» አላት። ቀለል ቢል ያለችውን አልሰማትም። በልቡ ጫማ እየሰፋ የነበረው ለእሷ ሳይሆን ለእባቡ ነበር።

አሥር ቀን ሙሉ ሠራ። የበሬ ቆዳ በድርቡ እስከ ጉልበት አቆመ፤ በሁለቱ ቆዳ መሀል ደግሞ ከዘይት ቆርቆሮ የቆረጠውን ብረት አስገባ። ሲጨርስ መሞከሪያ እባብ ስላልነበረው ሚስቱን ጠራ። ሴትዮዋ ረጅም፣ እሱ አጭር ቢሆንም እግራቸው እኩል ነበርና ጫማውን ራሱ አጥልቆ ቆመና ወፍራሙን ወስፌ አቀበላት።

«እንግዲህ እባብ ነሽ» አላት። «ውጊኝ።»

«የቱ ጋ?»

«የፈለግሽበት።»

«ስንት ዓመት ስመኘው የኖርኩትን!» አለችና ተንበርክካ ጀመረች። ተረከዙን ሞከረች፤ ባቱን ሞከረች፤ ዞር ብላ ከጎን ሞከረች። ወስፌው ንክች አላደረገውም። «በቃ፣ ታይቷል» ቢላትም «እባብ በቃ ቢሉት ይሰማል?» ብላ ሁለቴ መረቀችለት።

ዕፅ ሰብሳቢዋ ጫማዋን ልትወስድ መጣች፤ አጥልቃው እስከ ጎረቤቱ መድኃኒት ቤት ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ስትራመድ ድስትና ክዳን የሚጋጩ ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ ቁርጭምጭሚቴ ጋ አልታጠፍ አለኝ።»

«ልክ ነው።»

«ጉልበቴንም ይልጠኛል።»

«ልክ ነው። ይለምዳል።»

«ማነው የሚለምደው?» አለች ሚስቱ ከመጋረጃው ማዶ። «ጫማው ነው ወይስ ጉልበቷ?»

በሳምንቱ ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። እግሯ ላይ ያለው ያረጀው የሸራ ጫማዋ ነው፤ ሁለቱም ተረከዞቿ በፋሻ ታስረዋል፤ አዲሱ ቦት ጫማ በማሰሪያው ተያይዞ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እባብ አልነከሰኝም ጋሼ» አለችው። «ጫማው ግን ነከሰኝ። ሁለት ቀን አደረግኩት፤ በሦስተኛው ቀን ተሸክሜው ዋልኩ።»

«ትከሻሽን እባብ አይነክሰውም ማለት ነው» አለች ሚስቱ።

ጫማ ሰፊው ካርቶኑን ፍለጋ ጎንበስ አለ። «በልኬቱ መሠረት ከሆነ…»

«ልኬቱን ይተዉት። እርስዎ ራስዎ ያድርጉትና አንድ ቀን ከእኛ ጋር ይዋሉ። ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ልክ ሆኖ ካገኙት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።»

እሱ ሰበቡን በልቡ ደረደረ፤ ያልደረሰ ሥራ አለ፣ ወገቡ አለ፣ አየሩም አለ። የመጀመሪያውን ከአፉ ሳያወጣ ሚስቱ መጋረጃውን ገለጥ አደረገችና «ይመጣል» ብላ ጨረሰችው።

በቀጠሮው ጠዋት ጫማ ሰፊው ቦት ጫማውን አጥልቆ ከሴትዮዋ ጋር በመኪና ቆላ ወረደ። ሴትዮዋን መንገድ የሚመራት ዕድሜውን ከርከሮ ሲያድን የኖረ አንድ ሽማግሌ ነው። ጠመንጃው በትከሻው፣ ረጅም ዱላው በእጁ ነበር። ጫማ ሰፊው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ያየው እግሩን ነው። አዳኙ የለበሰው ለስላሳ አጭር ቦት ጫማ ነው፤ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ ደግሞ ከወፍራም ሸራና ከቆዳ የተሠራ ገምባሌ በጠፍር አስሮበታል።

«አባቴ፣ የእርስዎ ጫማ አጭር ነው» አለው እንደ ማዘን ብሎ።

«ጫማውን የማደርገው እንድሄድበት ነው» አለ አዳኙ። «ለእባቡ ገምባሌው አለለት። ከዚያ የተረፈውን ዓይኔ ይጠብቃል።» ከዚያም ሳይጠየቅ ምክሩን ጨመረ። «ግንድ ካጋጠመህ አትዝለለው፤ ላዩ ላይ ወጥተህ ማዶውን አይተህ ውረድ። ዓይንህ ያልደረሰበት ቦታ እጅህን አትላክ። ረገጥ ረገጥ እያደረግክ ሂድ፤ ኮቴህን ሲሰማ ራሱ ይለቅልሃል። እሱም ካንተ ጋር መገናኘት አይፈልግም።»

«እንደማይፈልግ በምን አወቁ?»

«ቢፈልግማ ከተማ ይመጣ ነበር።»

በመጀመሪያው ሰዓት ጫማ ሰፊው ጉዞውን አራት ጊዜ አስቆመ። አንደኛው ሥር ነበር፤ ሁለተኛው ሐረግ፤ ሦስተኛው የሴትዮዋ ቦርሳ ማንገቻ፤ አራተኛው የራሱ የተፈታ የጫማ ማሰሪያ። ከዚያ በኋላ ስለ እባብ ማሰብ ተወ፤ ምክንያቱም ፀሐይዋ ከረረችና ቆርቆሮው እንደ ምጣድ ጋለ። ቁልቁል ሲወርዱ ጣቶቹ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫሉ፤ ዳገት ሲወጡ ተረከዙ ይላጣል። እንደ ግንድ ቀጥ ያለ እግሩን ከወገቡ እያዞረ ነበር የሚራመደው።

«ደህና ነዎት ጋሼ?» አለችው ሴትዮዋ።

«ልክ ነው» አለ።

አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ሲያገኝ ማንንም ሳያስፈቅድ ተቀመጠና ሁለቱንም ጫማ አወለቀ፤ ካልሲውንም ጨመረ። ተረከዙ ውኃ ቋጥሯል። ነፋስ እግሩን ሲነካው ዓይኑን ጨፍኖ ተነፈሰ።

«ወንድሜ» አለ አዳኙ ዝግ ብሎ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። «እግርህን ካለበት እንዳታነሳው።»

ጫማ ሰፊው ዓይኑን ገለጠ። ከሣሩ ውስጥ ውፍረቱ አውራ ጣት የሚያክል፣ ቀለም ያልነካው ቆዳ የመሰለ እባብ እየወጣ ነበር። ወደ ቀኙ ቦት ጫማ ተጠጋና አንገቱን ቀና አድርጎ በምላሱ ላፍ ላፍ አደረገው። ከዚያ በጫማውና በባዶው እግሩ መሀል፣ ከጣቶቹ አንድ ስንዝር ርቆ፣ ሳይቸኩል ማለፍ ጀመረ።

ሲፈራው የኖረው ይህችን ሰዓት ነበር፤ እጮሃለሁ ብሎም ነበር የሚያስበው። አልጮኸም። ትንፋሹን ውጦ ሲያይ፣ ያየችው የባለሙያ ዓይኑ ናት። ቅርፊቱ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሯል፤ ክር የለው፣ መጋጠሚያ የለው፤ በፈለገበት በኩል ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ግን አንድም ቦታ አይጨማደድም። ‘ይህንን የሰፋ እጅ’ አለ በልቡ። ጅራቱ ሣሩ ውስጥ ሲገባ አዳኙ ትከሻውን ያዝ አደረገለት።

ጫማ ሰፊው ጫማውን አየ። ድርብ ቆዳውና ብረቱ እዚያ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀጥሎም ያበጠ፣ የቀላ፣ ባዶ እግሩን አየ።

«ልክ አይደለም» አለ።

ዕፅ ሰብሳቢዋ ማስታወሻ ደብተሯን አወጣች።

«ምንድነው የምትጽፊው?»

«ቀኑን ነው። ባለቤትዎ ሳይጠይቁኝ አይቀሩም።»

አዳኙ በቢላዋው ስፌቱን ቀድዶ ቆርቆሮውን መዝዞ አወጣለት፤ ማሰሪያውንም አላልቶለት ወደ መኪናው ተመለሱ። ልክነው የራሱ ስፌት በሌላ ሰው እጅ ሲቀደድ ሲያይ ያ የመጀመሪያው ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሚስቱን ወደ መጋረጃው ጀርባ ጠርቶ ጫማሽን አውልቂ አላት። ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለችበትን እግር ካርቶን ላይ አስቁሞ በእርሳስ ዞረው፤ ከዱሮው ልኬቷ ጋር ሲያስተያየው በአንድ ጣት ሰፍቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ሁለተኛውን ልጃችንን ከወለድኩ ወዲህ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

እሷ ዝም ብላ አየችው። በዚያች ቤት ዝምታ ብርቅ ነውና እሱ አንገቱን ደፋ። «ነግረሽኛል» አለ።

የእሷን ሰፍቶ ከጨረሰ በኋላ የዕፅ ሰብሳቢዋን ሥራ እንደ አዲስ ጀመረ። ለልኬት የመጣችው ከሰዓት በኋላ፣ እግሯ ሄዶ ሄዶ ካበጠ በኋላ ነው፤ ያውም ቆላ የምታደርገውን ወፍራም ካልሲ እንዳደረገች። የመድኃኒት ቤቱን ደረጃ እያስወጣ እያስወረደ፣ ቁልቁለት ላይ ጣቷ እንዳይጋጭ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ተወላት። የጫማውን ቆዳ ከታች ጠንካራ፣ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ያለውን ግን ለስላሳ አደረገው። ገምባሌውን ለብቻው፣ ሸራውን በቆዳ ደርቦ ሠራ። ሚስቱ ወስፌዋን ይዛ ስትመጣ የመጀመሪያው ገምባሌ ተበሳ፤ ሁለተኛውም ተበሳ። ሦስተኛውን ግን መብሳት አቅቷት ላብ በላብ ሆና ተነሳች።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አላት ሴትዮዋን ሲያስረክባት። «ይሄ ይረዳሻል እንጂ ዋስ አይሆንሽም። ዱላሽንና ዓይንሽን እንዳትረሺ።»

ከሦስት ወር በኋላ ሳታነክስ መጣች፤ አዳኙም አብሯት ነበር። በግራ ገምባሌዋ ላይ ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከላይኛው ሸራ አላለፉም። መቼ እንደሆነ እሷም አታውቅም።

ጫማ ሰፊው መነጽሩን አወረደ። «ጥርስ ነው።»

«እሾህ ነው» አለ አዳኙ።

«አባቴ፣ እሾህ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጋል እንዴ?»

«ያገባ እሾህ ይሆናላ።»

ሁለቱ ሲከራከሩ ሚስቱ ቀዳዳውን ለሚመጣው ገዢ ሁሉ ማሳየት ጀመረች። አዳኙ መከራከሩ ሲደክመው፣ የራሱ ጫማ እያለቀ መሆኑን አምኖ እግሩን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ።

«አሁን ጠዋት ነው» አለው ጫማ ሰፊው። «እግርዎ ገና አልነቃም። ሲሄዱ ይዋሉና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡ።»

አዳኙ እያጉረመረመ ወጣና ገበያውን ሲዞር ዋለ። ሲመለስ ጫማ ሰፊው በርጩማውን በሩ ላይ አውጥቶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ እየጠበቀው ነበር።