የዘፈኑ ግማሽ የሃዋ ነው

ትናንት ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ ተቀምጬ ሩዝ ስለቅም፣ የልጅ ልጄ ሂባ ስልኳ ላይ የድሮ ዘፈን ከፈተች። ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት ነው። አስተዋዋቂው የሁለቱን ዘፋኞች ስም ብቻ ጠርቶ አለፈ።

«ዝጊው!» አልኳት።

የዚህ ዘፈን ነገር ሲጀምር ገና ኮረዳ ነበርኩ። ለአክስቴ ሠርግ ከድሬዳዋ ወደ ሐርጌሳ በጭነት መኪና መጣን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከጅጅጋ ወዲህ መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው በተያዘ ቁጥር ወርደን ላሖህ የምንለውን ስስ እንጀራ በማር እንበላለን። አጎቴ እያልን የምንጠራው ሾፌሩ ወርሰሜ ያንን ዘፈን ያንጎራጉራል።

«ከሬዲዮ ነው የለመድከው?» አልኩት።

«ሬዲዮው ነው ከእኔ የለመደው» አለና ሳቀ። ግጥሙ የእሱ ነበር።

«ታዲያ ስምህ ለምን አይጠራም?»

«ተይው ልጄ። ሰዉ ዘፋኞቹ እርስ በርስ የተባባሉት ይመስለዋል፤ እንዲያ ሲሆን ይጥመዋል።»

አልተውኩም። በእኛ በሶማሌዎች ዘንድ ግጥም ከመነገሩ በፊት ባለቤቱ ይጠራል። ስሙን ሳይጠሩ ግጥሙን መናገር ስርቆት ነው።

ለሠርጉ እነዚያው ሁለት ዘፋኞች ተጋብዘው ኖሯል። የዑዱ ክር ተመትቶ ያ ዘፈን ሲጀመር ከሴቶቹ መሃል ብድግ አልኩ።

«ባለቤቱ ሳይጠራ አይዘፈንም!»

«አስተግፊሩላህ፣ በሠርጌ ቀን!» አለች ሙሽራዋ አክስቴ። ወንዱ ዘፋኝ «ይቺን እሳት ከየት አመጣችኋት?» ብሎ አሳቀብኝ። ሴቷ ግን ማይክሮፎኑን ይዛ «እውነቷን ነው» አለች። «ግጥሙ የወርሰሜ ነው። ያውና በሩ ጋ ቆሟል።»

ጭብጨባው ሲበርድ ወርሰሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከተጠራ አይቀር እኩል ይጠራ። ወንዱ የሚለውን እኔ ነኝ ያልኩት። ሴቷ የምትመልሰው ግን ባለቤቴ ሃዋ የመለሰችልኝ ነው፣ ቃል በቃል። አላህ ይማራት።»

ዘፋኟ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ የሃዋን መልስ ዘፈነች። ያን ዘፈን ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን አዲስ ሆነብኝ። የተቀበረች ሴት ለባሏ ትመልሳለች፣ እሱም በሩ ጋ ቆሞ ይሰማታል። እኔ ለሙሉው ፍትሕ የተነሳሁ መስሎኝ፣ ለካ ግማሹን ነበር የያዝኩት።

«አያቴ፣ ዘፈን እኮ ነው!» አለችኝ ትናንት ሂባ፣ ስልኳን ዘግታ።

«መጀመሪያ ወርሰሜና ሃዋ በይ።»

እየሳቀች ጠራቻቸውና ከፈተችው። የሴቷ ተራ ሲደርስ እጄ ሩዙ ላይ ቀረ። አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ለባሏ የመለሰችው ቃል ይኸው ዛሬም በሐርጌሳ ጎዳና ይሰማል፣ ሱብሃነላህ። ስሟን ሌላው ይጥራ አይጥራ አላውቅም። በእኔ በር ግን ሳትጠራ አትዘፈንም።