ለቀብር ስቸኩል መቃብር ውስጥ ገባሁ

ዛሬ ለሌላ ሰው የተቆፈረ መቃብር ውስጥ ወድቄ በሕይወት ወጣሁ። አልሐምዱሊላህ።

ጎረቤታችን አባ ይማም ጠዋት አረፉ። እኔ ለሥራ ጨፋ ሮቢት ስለነበርኩ ዘግይቼ ነው የሰማሁት። ቀብሩ እንዳያመልጠኝ ሞተሬን ያለ የሌለ ጉልበቱን አስወጣሁት።

ከሚሴ ልገባ ስል፣ ከመቃብር ቦታው በላይ ያለው ኩርባ ላይ፣ ወደ ሰንበቴ የሚነዱ ግመሎች አስፋልቱን ሞልተውታል። ፍሬን ያዝኩ። ሞተሩ ተንሸራቶ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆመ። እኔ ግን አልቆምኩም።

ዓይኔን ስገልጥ ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ቆፋሪዎቹ ከላይ አካፋቸውን እንደያዙ ያዩኛል። የወጡት ገና አሁን ነበር፤ ትንሽ ብቀድም አንዱን ገድዬው ነበር።

አጠገባቸው የቆሙት የሰፈራችን ሸህ አሊ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አሉ።

«ሱታ፣ ልጄ፣ ሱታ። ቀስ ብለህ ውጣ። ተራው የአባ ይማም ነው።»

እየጎተቱ ሲያወጡኝ ጀናዛው ደረሰ። የሟች ልጅ ሐሰን አፈር የለበሰ ልብሴን አይቶ፣

«ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«ለቀብሩ ቸኩሎ ነው» አሉት ሸህ አሊ።

ሐሰን ሲያለቅስ የዋለ ሰው ነው፤ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ እቅፍ አድርጎኝ እንደገና አለቀሰ። «ዛሬ ሁለት ልታስቀብረን ነበር» አለኝ።

እንዲያ ባለ ፍጥነት የመጣሁለትን ሰው አፈር ሳላለብስ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ግራ ክንዴ ተሰብሯል፤ ይህን የምጽፈው በቀኝ አውራ ጣቴ ነው።

እናንተስ ቸኩላችሁ የት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አልፈር።