ሳይሰሙ የመረቁኝ ሽማግሌዎች

በጃንሆይ ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስት ዓመት ከተማረ በኋላ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትኖ እንዲያገለግል ይታዘዝ ነበር። ጓደኞቼ አብዛኞቹ በመምህርነት ተመደቡ። እኔ የደረሰኝ ሆሳዕና ካለ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነበር። የመደበን ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ቀልደኛ ሳይሆን አይቀርም። ከክፍላችን ሰው ፊት ቆሞ መናገር የማይሆንለት አንድ ልጅ አምጡ ቢባል የምመጣው እኔ ነበርኩ። እኔን ነው ሕዝብ እንዳነጋግር የላኩኝ።

እንደዚያ ሆኜ አልተወለድኩም። አፌን የፈታሁት በሀዲይኛ ነው፤ ልጅ ሳለሁ እንዲያውም ለፍላፊ ነበርኩ አሉ። አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቼ ነው የተማርኩት። አንደኛ ዓመት ላይ መምህሩ አስነሥተው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝና ስመልስ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ አደረግኋቸው። ክፍሉ ሳቀ። ክፋት አልነበራቸውም፣ የሚያስቅ ነገር ሰምተው ነው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ እጄን አላወጣሁም። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን ነቅዤ ነበር።

ሆሳዕና መመደቤን የሰማ ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ፤ የእናቴ ቤት ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ ነውና። እኔ አልተደሰትኩም። አዲስ አበባ ቢስቁብኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ አልነበረም። እዚህ ግን አፌን በከፈትኩ ቁጥር የሚሰማኝ ሰው አባቴን የቀበረ ነው። መሸሽ ደግሞ አይቻልም። በዓመቱ መጨረሻ አለቃዬ የሚሞላው አንድ ቅጽ ነበር፤ እዚያ ላይ «ለሥራው ብቁ አይደለም» ብሎ ከጻፈ አራተኛ ዓመት የሚባል ነገር የለም። ቅጹን መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦት ነበር። አንዳንድ ቀን መሳቢያውን ከፈት አድርጎ፣ አይቶት፣ ምንም ሳይል ይዘጋዋል።

አለቃዬ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከረባቱን በጭቃ ወራት እንኳ የማይፈታ ሰው ነበር። ሆሳዕና ስድስት ዓመት ኖሮ በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፣ በየዓመቱ ይከለከላል። እሱም እንደኔው ወጥመድ ውስጥ እንደነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ብቻዬን የተያዝኩ ይመስለኝ ነበር። የጻፍኩትን ማስታወቂያ አንሥቶ በኔ ድምፅ፣ በኔ አነጋገር ለጸሐፊዋ ያነብላታል። «ይኼ አማርኛ መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶበታል» ይላል። እሷ እንዳልሰማች ሆና የጽሕፈት መኪናዋን ትቀጠቅጣለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። በራሴ ላይ ያን ያህል የሳቅሁበት ዓመት የለም።

ሥራው ራሱ ከባድ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ማስታወቂያ አረቅቃለሁ፤ በገበያ ቀን አለቃዬ ሣጥን ላይ ይወጣና በአማርኛ ይናገረዋል፤ አስተርጓሚው በሀዲይኛ ይመልሱታል። አለቃዬ ሀዲይኛ አሳምሮ ይሰማል፤ ቅቤ ሲገዛማ ይከራከርበታል። ሣጥኑ ላይ ሲቆም ግን አንዲት ቃል አይወጣውም። መንግሥት የሚናገረው በአማርኛ ነው። ደንቡ ለኔም ነበር። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን «ከዚህ በር ወዲህ ሀዲይኛ የለም፤ አንተ አሁን መንግሥት ነህ» ተባልኩ።

አንድ ቀን ልጅ ሳለሁ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ ያሻግረኝ የነበረ ጎረቤታችን ለጉዳይ መጣ። ሲያየኝ ፊቱ በራ፤ በሀዲይኛ ሰላም አለኝ። አለቃዬ ከጠረጴዛው ቀና አለ። በአማርኛ «ጉዳይዎ ምንድን ነው?» አልኩ። አስተርጓሚው ጥያቄዬን በሀዲይኛ ነገሩት። ሰውየው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጉዳዩን ለአስተርጓሚው ተናገረ፤ አስተርጓሚው ደግሞ ለኔ በአማርኛ። እንዲህ እያልን ጨረስን። ሲወጣ አልተሰናበተኝም። ምሳ ሳልበላ ዋልኩ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

አስተርጓሚው ረጅም ካፖርት የሚለብሱ፣ እርጋታ የሞላባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሣጥኑ አጠገብ ቆመው የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይናገራሉ። ሕዝቡም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ሲያልቅ ወደየጉዳዩ ይመለሳል። የተነገረውን የሚፈጽም ግን ብዙም አላየሁም። መንገድ ጥረጉ ይባላል፣ አይጠረግም። ከብት እዚህ አታስሩ ይባላል፣ እዚያው ይታሰራል። በእምቢታም አይደለም፤ ሰምቶ መተው ብቻ ነው። አለቃዬ ይኼን የገበሬ ድንቁርና ይለዋል። እኔ ልክ አይደለህም ለማለት አማርኛውም ድፍረቱም አልነበረኝም።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን በከተማው እንደሚያልፉ ተነገረን። ገበያው የሚቆመው መንገዱ ዳር ነው፤ ጭቃው፣ አህያው፣ ገለባው ሁሉ ከመኪና መስኮት ይታያል። ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሜዳ ይዛወር ተባለ። «ሕዝቡ በፈቃዱ ነው የሚነሣው» አለኝ አለቃዬ። «ሪፖርቱ በፈቃዱ ይላል። ጻፍ።» ሮብ ቀን፣ ሕዝቡ ገና ምንም ሳይሰማ፣ «የተላለፈለትን ማስታወቂያ በደስታ ተቀብሎ በፈቃዱ ተነሥቷል» ብዬ ጻፍኩ።

እናቴ ቅቤ የምትሸጠው እዚያ ገበያ ነበር። በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ታመጣና ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። እኔን ያስተማረኝ ያ ቅቤ ነው። ማዶ ያለው ሜዳ ዛፍ የለውም፤ ወንዙ ደግሞ በክረምት ሲሞላ ጉልበት ያልፋል። ይኼን ሁሉ አውቅ ነበር። «ጌታዬ፣ ቢቀርስ?» ለማለት ሦስት ቀን ጊዜ ነበረኝ። አላልኩም። ቅጹን ፈራሁ፣ አለቃዬን ፈራሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ለመናገር አፌን መክፈቱን ፈራሁ።

የገበያው ቀን ማለዳ አስተርጓሚው ታመዋል የሚል መልእክት መጣ። አለቃዬ ከረባቱን እያጠበቀ ወደኔ ዞረ።

«አንተ ትተረጉማለህ።»

«ጌታዬ፣ ሀዲይኛ አትናገር ብለውኝ የለ?»

«ዛሬ አስተርጓሚ ነህ፤ መንግሥት እኔ ነኝ። ይኼን ካላወቅህበት ደግሞ እኔም የምጽፈውን አውቃለሁ።»

ሣጥኑ አጠገብ ቆምኩ። ከፊት ሽማግሌዎቹ በትራቸውን ተደግፈው፣ ከኋላ ወንዶቹ፣ ዳር ዳሩን ሴቶቹ። እናቴ ከዛፏ ሥር ተነሥታ ቆማለች። አለቃዬ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ከተማ ውበት ተናገረና ጣቱን ወደ ማዶ ቀሰረ። ከዚያ አየኝ። ሕዝቡም አየኝ።

ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሱሪዬ ላይ ይታይ ነበር። አማርኛው ጠፋኝ፣ ሀዲይኛውም አብሮ ጠፋ። እንደዚያ ቆሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ አለቃዬ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ድንገት አፌ ራሱ ከልጅነቴ አንድ ነገር አገኘ። እኛ ዘንድ መልእክት ይዞ የቆመ ሰው ሽማግሌዎችን ሳያስመርቅ ነገር አይጀምርም። የሚይዘው ነገር ሲያጣ ግድግዳ እንደሚደገፍ ሰው እሱን ያዝኩ።

«አባቶቼ፣ እንድናገር መርቁኝ» አልኩ።

አለቃዬ እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም። ትልቁ ሽማግሌ ዞር ብለው ወደ ሴቶቹ አዩ።  ከዚያ በትራቸውን አጠገባቸው ለነበረው ሰው ሰጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «አንደበትህ ይፈታ። የያዝከው ነገር በሰላም ይድረስ። የተናገርከው ይጽና» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ።

አንደበቴም ተፈታ። አለቃዬ ሦስት ነገር ቢናገር እኔ ዐሥር አደረግሁት። ሜዳው ሰፊ ነው አልኩ፤ አህያና ሰው አይጋፋበትም አልኩ፤ ዝናብ ሲዘንብ ጭቃው እንደዚህ አይደለም አልኩ፤ ይኼኛውን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ስለ አንድ ግትር አህያ ቀልድ ጣል ሳደርግ ሴቶቹ ሳቁ፤ ያን ቀን የሳቁት ግን በእኔ አልነበረም። ጉልበቴ ጸጥ አለ። ድምፄ ገበያውን ሞልቶ ሲመለስ ይሰማኝ ነበር። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። እናቴን ከዛፏ ሥር እያስነሣሁ መሆኔን ረስቼ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ገበያው ሁሉ ማዶ ነበር። ዘበኛ ሳይላክ፣ ዱላ ሳይነሣ። አለቃዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረው ነገር ሲፈጸም አየ። ባለሥልጣኑ መጡ፣ አለፉ። ቅጹ ከመሳቢያው ወጥቶ በፊቴ ተሞላ። «በራሱ የሚተማመን፣ ሕዝብን የማሳመን ልዩ ችሎታ ያለው» ይላል። ማታ ክፍሌ ገብቼ ግልባጩን ደጋግሜ አነበብኩት። ራሴን በመስታወት አይቼ ያነበብኩት ሰው እኔ መሆኔን አመንኩ።

አስተርጓሚው ድነው ሲመለሱ በር ላይ ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«አስመርቀህ ተናገርክ አሉኝ» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ለመንግሥት ስተረጉም አንድም ቀን ምርቃት ጠይቄ አላውቅም። ያልተመረቀ ነገር ሰው ሰምቶ ይተወዋል። በዚያች ቀዳዳ ነው ሁላችንም ስንተነፍስ የኖርነው። የተመረቀውን ግን ማን ይተወዋል?»

«ያን ቀን ታመው አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ አስተርጓሚ የሚታመምበት ቀን አለ» አሉና ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

ነገሩ አላስተኛኝም። ሽማግሌዎቹ ሕግ አዋቂ ናቸው፤ ያልሰሙትን ነገር እንዴት መረቁ? ልጅ አታለላቸው? ማታለል እንደምችል ማሰቡ አስፈራኝ፤ ደግሞ፣ መቼም አልዋሽም፣ ትንሽ አኮራኝ።

በገበያው ቀን ወንዙን ተሻግሬ እናቴን ፈለግኋት። ያባራል የተባለው ዝናብ ብሶበት ነበር። ሜዳው መሀል ቁጭ ብላ ቅቤዋን በሰፊ የኮባ ቅጠል ሸፍናለች፤ ለራሷ የተረፋት ቅጠል አልነበረም። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እማዬ፣ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሳይሰሙ ለምን መረቁኝ?»

«ማን ሳይሰሙ አለህ? ገበያው ሊነሣብን እንደሆነ ሳምንት ሙሉ ሲወራ ነበር። እምቢ ሊሉ ተማክረው ነው የመጡት።»

«ታዲያ?»

የሸፈነችውን ቅጠል አስተካከለች።

«እግርህ ሲንቀጠቀጥ አዩ። እኛም አየን። መርቁኝ ስትል ትልቁ ሽማግሌ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። ቅቤ ሻጮቹ ሁሉ እኔን አዩኝ። እምቢ ቢሉ እዚያው ሕዝብ ፊት ተዋርደህ ትቀራለህ። ራሴን ነቀነቅሁላቸው።»

 እሷም የጠየቅኋትን መልሳ ለመጨረስ ያህል፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «አንተ መናገር ብትለምድ ይሻላል ብዬ ነው፤ እኔ ዝናቡን ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ገዢ መጥቶ ቅቤውን ገለጥ አድርጎ አሸተተ። እሷ ከሱ ጋር መከራከር ጀመረች። እኔ ገበያው እስኪበተን ድረስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዋልኩ፤ አንዲት ቃል እንኳ መናገር አልቻልኩም።