የሰባተኛዋ ሴት ደመወዝ

ሉጥፊያ ከወሎ ካርቱም ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አምስቱን ዓመት ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሰፈር፣ ዶክተር ሙስዐብ ቤት ስትጠርግና ስትተኩስ ገፋችው። ዶክተር ሲባል የሚያክም እንዳይመስላችሁ፤ ደመወዝ የሚያጠና ምሁር ነው። የሠራተኛ ደመወዝ ማነስ እንቅልፍ ይነሳዋል። የሉጥፊያ ግን አንድ ቀን እንኳ አላባነነውም።

ልጇ ሙኒያ ኮምቦልቻ ነርስነት ልትማር ነው፤ ክፍያው ደግሞ በእናቷ ደመወዝ የሚገፋ አልሆነም። ሉጥፊያ ጨክና ጭማሪ ጠየቀች።

«ያ ሉጥፊያ፣ የቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያስፈልጋት እንደሆነ እያጠናሁ ነው» አላት። «ያስፈልጋታል ብዬ ከጻፍኩ መጀመሪያ የምጨምረው ላንቺ ነው፣ ኢንሻአላህ። ለጥናቱ የሚጠየቁትን ሴቶች አንቺ አገናኚን።»

ምን ገዷት! ጁምዓ ዕለት፣ ማዮ ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል አሥር የአገሯን ሴቶች ሰበሰበች። ዶክተሩ የላካት መጠይቅ አስሞይ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ስም አይጻፍም፣ ተራ ቁጥር ብቻ። ጥፋቱ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀምጣ መጠየቋ ነው። እስቲ በሞቴ፣ ሐበሻ በሐበሻ ፊት ትክክለኛ ደመወዟን ስትናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለተብርሃን የምታገኘውን እጥፍ አድርጋ ጠራች። ብርቅነሽ ከማን አንሳ፣ ከዚያም በለጠች። ሰባተኛዋ ሉጥፊያ ነበረች። ከሁሉ ያነሰች ተብላ ወሬው አገር ቤት ሲገባ ታያት። እሷም እጥፉን አለች፤ «ካፉሪ፣ የተማረ ሰው ቤት» ብላም አሳመረችው።

በወሩ ዶክተሩ ፊቱ በርቶ መጣ።

«ማሻአላህ! የአገርሽ ሴቶች ተመችቷቸዋል እኮ! ሕግ ሳያስገድደው ገበያው ራሱ እየከፈላቸው ነው። ወለል አያስፈልጋቸውም ብዬ ጻፍኩ።»

ሉጥፊያ የያዘችው ካውያ ከበዳት። ሙኒያ ዓይኗ ላይ መጣችባት። «ዋሽተናል እኮ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ማን ዋሸ ቢላትስ? መልሳ ዘጋችው።

ዶክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ ቀጠለ። «ይህችን ሰባተኛዋን እይልኝማ! እዚሁ ካፉሪ፣ የተማረ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ምን ያለ ቸር አሠሪ ነው! ታውቂዋለሽ?»

«ወላሂ አላውቃቸውም፣ ዶክተር» አለች የሸሚዙን ኮሌታ እየተኮሰች። «ባውቃቸውማ እሳቸው ቤት እቀጠር ነበር።»