ናፍጣ የገባበት ጉድጓድ

እቴነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ግርጌ መሬቷን እያሳረሰች ትኖራለች። ከማሳዋ በላይ ለመንገድ ሥራ አስፋልት ይፈላበት የነበረ ግቢ አለ። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ የናፍጣ ታንከሮቹን እንደተቀበሩ ትቷቸዋል።

የእቴነሽን የውኃ ጉድጓድ የቆፈረው ሟቹ ባሏ ባዩ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል፤ እሷም «ውኃ የእግዜር ነው» ትላለች እንጂ ከልክላ አታውቅም።

አንድ ክረምት እንዳለፈ ውኃው ይሸት ጀመር። መጀመሪያ የጀሪካኑ ሽታ መሰላት። ኋላ ግን በባልዲው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፎ አየች። ላሟም አሽትታ ሳትጠጣ ተመለሰች። ያን ቀን የጉድጓዱን አፍ በሳንቃና በድንጋይ ዘጋችው።

ጎረቤቷ ማሬ ልትቀዳ መጥታ ደነገጠች።

«ምነው እህቴ፣ ምን በደልንሽ?»

«ውኃው ተበላሽቷል ማሬ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

«ትናንት ጠጥቼው ምን ሆንሁ? ሰሰትሁ በይኝ እንጂ!»

ወሬው መንደሩን አዳረሰ። የማርያም ማኅበር ሲደርስ እቴነሽን የጠራት የለም። ውኃውን በጠርሙስ እየያዘች ወረዳው ውኃ ቢሮ ብትመላለስ «እናያለን» ይሏታል። ማሬም እሷ በሌለችበት ሳንቃውን እያነሳች መቅዳቷን አልተወችም።

በመጨረሻ ውኃው ተመረመረና የእቴነሽ ፍርሃት እውነት ሆነ። ግንቦት ላይ መሐንዲሱ ሲሳይ ከመቆፈሪያ መኪና ጋር መጣ።

«እማማ፣ ታንከሮቹን እናወጣለን። ዝናቡ ናፍጣውን ይበልጥ ሳያወርደው የተበከለውን አፈርም ማንሳት አለብን። ማሳዎም ከሚነሣው አፈር ውስጥ ነው። ዘንድሮ መዝራት አይችሉም።»

«ጉድጓዴስ?»

«አፈሩ ይድናል። ከሥር ያለውን ውኃ እየሳብን እናጣራዋለን፤ እሱ ግን ዓመታት ይፈጃል።»

እቴነሽ ታርሶ ዘር የሚጠብቀውን መሬቷን አየችው። ዓመቱን የምትጎርሰው ከዚያ ነው። እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «ቆፍሩት» አለች።

የወጣው አፈር ጥቁር ነበር። ላስቲክ ላይ ዘርግተው ናፍጣው እንዲብላላ ከፍግ ጋር ያገላብጡት ጀመር። ፍጉን የሰጠችው እቴነሽ ናት። አንድ ጠዋት ማሬ አካፋ ይዛ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ልጄን ገነትን ሐኪም ቤት ወሰድኋት» አለች አንገቷን ደፍታ። «ያን ውኃ ስትጠጣ ነው የከረመችው። ለጊዜው ምንም የለባትም አሉኝ። ለጊዜው ነው ያሉኝ፣ እቴነሽ።»

«ነግሬሽ ነበር» የሚለው ቃል እቴነሽ ምላስ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«እግዜር ያውቃል፤ በርቺ» ብላ ፍጉን ወደ እሷ ገፋችላት።

በዓመቱ ማሳው በሌላ አፈር ተሞልቶ ገብስ ተዘራበት። ቢበቅልም ሳሳ፣ ቢጫም ሆነ። የውኃው ሽታ ቀንሷል፤ ለመጠጥ ግን አልተፈቀደም። ሁለቱ ሴቶች አሁንም ከተረተሩ ማዶ ካለው ምንጭ ይቀዳሉ። ገነት «ሆዴን» ባለች ቁጥር ማሬ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች።