እንደ ሳህን የለሰለሰች ጀልባ

ወሎዬ ነኝ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ሃያ ዓመት የሆቴል በርና መስኮት ቀብቻለሁ። ሥራው ሲቀዘቅዝ ወደ ሰመራ ዞርኩ። ጀልባ ቅባልኝ ያለኝ ሰው ግን እስከዚያ ድረስ አልነበረም።

ጠያቂዋ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ግድብ ዓሣ የሚያወጡ ሴቶች አለቃ ነበረች፤ ረጅም፣ ሳቂታ የአፋር ሴት። ከላሜራ ያሠራቻት አዲስ ጀልባ በየዳ ቤቱ ደጅ ላይ ተደፍታለች።

«እንደ ሳህን እንድትለሰልስልኝ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

«እህቴ፣ ለእኔ ተይው!»

የዝገት መከላከያው ሲደርቅ፣ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ቢጫውን ጀመርኩ። ብረቱ ግሏል። ቀለሙ ብሩሹን ሳላነሳ ይደርቃል፤ ላስተካክል ስመለስበት ይጎተታል። በዚያ ላይ ነፋሱ አቧራውን አምጥቶ ለጠፈበት።

በማግስቱ መጥታ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ይሄ የግመል ምላስ ነው!»

በያጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ኋላ እኔም ዳስሼው ሳቄ መጣ። እውነቷን ነው።

ያን ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀትና በውኃ ስፈገፍግ ዋልኩ። በነጋታው ሱብሂ ሰግጄ፣ ብረቱ ሳይሞቅ ደረስኩ። እሷ ቀድማኝ አቧራው እንዲተኛ መሬቱን ውኃ ትረጫለች። ቀለሙን በአሮጌ ሻሿ አጠለልነው፤ ትንሽ አኳራጅ ጨመርኩበትና አቀጠንኩት። አንድ ክንድ ያህል እየቀባሁ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በብሩሹ ጫፍ ብቻ፣ ሳልጫን፣ ወደ አንድ አቅጣጫ እስበዋለሁ።

ቀጭን መስመር አየሁና እጄ ሊመለስ ሲል አንጓዬን ያዘችኝ።

«ተወው!»

«መስመር አለ እኮ።»

«ወተት ውስጥ ጣትህን ብትነክር መስመሩ ይቀራል? ተወው አልኩህ!»

ጎንበስ ብለን አየነው። መስመሩ ዓይናችን እያየ ቀስ ብሎ ገጠመና ጠፋ። ስንት በር ቀባሁ! ብሩሼን መመለስ መተውን የተማርኩት ግን ያን ለት ነው።

ፀሐይዋ ሳትበረታ ጨረስን። ቀለሙ ሲደርቅ ዝቅ ብላ በጀልባዋ ጎን ላይ ፊቷን አየችና ሻሿን አስተካከለች።

«ማሻ አላህ! መስታወት ነው የሠራህልኝ።»

ጀልባዋን ውኃ ላይ ባወረዱበት ቀን ገና ከዳር ድንጋይ ጫራት። ራሴን ያዝኩ። ሴቶቹ ግን የእኔን ፊት አይተው ሳቁ።

«ለዓሣ ነው እንጂ ለሠርግ መሰለህ? ና ግባ!» አለችኝ አለቃቸው።

ውኃን ከድልድይ ላይ ሆኜ ከማየት በቀር ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሁለቱን ጎን ጨምድጄ ተቀመጥኩ። መሀል ስንደርስ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ሴቶቹ እየዘፈኑ መረቡን ይስባሉ። ድንገት አንድ ትልቅ ዓሣ ዘሎ ጉልበቴን በጥፊ መታኝና እሪ አልኩ። መቅዘፊያው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁብኝ። ዛሬም ገበያ ውስጥ ሲያገኙኝ ያችን እሪታዬን አስመስለው ይጮኹብኛል።